ጣታችሁንም ሲማችሁንም ይዛችሁ ሂዱ፦ ለዓመታት የሚያገለግል ስልክ አመራረጥ

ስልክ ሊገዛ የተነሳ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀኝ ስለ ካሜራና ስለ ሚሞሪ ነው። ካሜራው ስንት ሜጋፒክስል ነው? ሚሞሪው ስንት ጊጋ ይይዛል? ጥያቄው ክፋት የለውም። እኔ ግን ሥራዬ ስልክ መጠገን ነው። ስልክ በምን እንደሚሞት በየቀኑ አያለሁ። ካሜራው ስላነሰ የተጣለ ስልክ እምብዛም አይገጥመኝም። ስልክን ከጥቅም ውጭ የሚያደርጉት በብዛት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንዱ ተቹ እንቢ ሲል ነው። ሌላው ስልኩ ምንም ሳይሆን ኔትወርኩ ጥሎት ሲሄድ ነው።

ይህን ሁለተኛውን ብዙ ሰው ልብ አይለውም። ቀፎው ይበራል፣ ተቹ ይታዘዛል፣ ባትሪው አልደከመም። አንድ ቀን ግን መደወል ያቆማል። ስልኩ የሚያውቀው ኔትወርክ ስለተዘጋ ነው። ስለዚህ አዲስም ግዙ ያገለገለ፣ ከሁሉ በፊት ስክሪኑንና ኔትወርኩን ፈትሹ። የተለየ መሣሪያ አያስፈልግም። የራሳችሁ ጣት፣ የራሳችሁ ሲም ካርድ፣ ከተቻለ ደግሞ አንድ ቻርጀር ይበቃል።

ስክሪኑ ጣታችሁን እንዴት ያውቃል?

ስለ አሠራሩ ትንሽ ልበል። ይህ ከገባችሁ የቀረውን ራሳችሁ ትደርሱበታላችሁ።

ከመስታወቱ ሥር በዓይን የማይታይ መረብ አለ። የሚሠራው ብርሃንም ኤሌክትሪክም ከሚያሳልፍ ነገር ነው፤ በአብዛኛው ኢንዲየም ቲን ኦክሳይድ ከሚባል ውህድ። ግማሾቹ መስመሮች ከላይ ወደ ታች፣ ግማሾቹ ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳሉ። በሚሻገሩበት በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ ጥቂት የኤሌክትሪክ ቻርጅ አለ። የሰው ገላ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ጣታችሁ ሲጠጋ ከዚያ ቻርጅ ላይ ትንሽ ይቀንሳል። አንዲት ቺፕ መረቡን በሰከንድ ብዙ ጊዜ እየዞረች ትለካለች። የት ላይ እንደቀነሰ ስታገኝ እዚያ ጋ እንደተነካ ታውቃለች። መጫን፣ መግፋት፣ መደብደብ ምንም አይጨምርም። ተቹ ሲያስቸግር ጣቱን አጠንክሮ የሚጫን ሰው ስክሪኑን እየጎዳው ነው።

ከዚህ ብዙ ነገር ይፈታል። ጥፍር ቻርጅ አይወስድም፤ ስለዚህ ተች በጥፍር አይሠራም። ተራ ጓንትም ያው ነው። የውኃ ጠብታ ግን ኤሌክትሪክ ስለሚያሳልፍ ቺፗን ያሳስታታል። ስክሪኑ እርጥብ ሲሆን ስልኩ በራሱ ፊደል የሚጽፈው፣ አፕ የሚከፍተው ለዚህ ነው። ተበላሽቷል ብላችሁ ወደ ጥገና ከመሮጣችሁ በፊት ስክሪኑንም እጃችሁንም በደንብ አድርቁ።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በእንግሊዝ የራዳር ምርምር ተቋም ይሠራ የነበረው ኢ. ኤ. ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1965 ጽፎበታል። (ከዚህ በታችም ዓመቶቹን በእ.ኤ.አ. ነው የምጽፈው።) ስልክ ላይ እስኪደርስ ግን 40 ዓመት ያህል ፈጅቷል። በመሃል የነበሩት አብዛኞቹ ተች ስልኮች ሁለት ስስ ሽፋኖች ተጭነው ሲነካኩ የሚሠሩ ነበሩ። ብዕር ይዞ መጫን ግድ ነበር። በ2007 ኤልጂ ፕራዳና የመጀመሪያው አይፎን ገበያ ላይ ሲወጡ ነው ባዶ ጣት የነገሠው። አይፎን ደግሞ በሁለት ጣት ማስፋትና ማጥበብን አስለመደን። ከዚያ ወዲህ መሠረቱ አልተለወጠም። ዛሬ የምትገዙትም ስልክ ያንኑ ቻርጅ ነው የሚቆጥረው።

ስክሪኑን ስትፈትሹ

በዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። ሻጩ ቢያጣድፋችሁም አትቸኩሉ።

መጀመሪያ ስክሪኑን በለስላሳ ጨርቅ ጥረጉ። የተሰነጠቀ መከላከያ ከተለጠፈበት እንዲነሳ ጠይቁ። «የተሰነጠቀው ላዩ ላይ ያለው ብቻ ነው» ሲባል አምናችሁ አትለፉ። ተነስቶ ካልታየ አይታወቅም።

ቀጥሎ ከዋናው ገጽ ላይ የአንድ አፕ አዶ (አፑ የሚከፈትባትን ትንሽ ምስል) ተጭናችሁ ያዙ። ከቦታው ተነቅሎ ጣታችሁን መከተል ሲጀምር አትልቀቁት። ከላይኛው ግራ ጥግ ተነሱና ቀስ ብላችሁ ወደ ቀኝ ውሰዱት። ጥግ ሲደርስ የጣት ውፍረት ያህል ዝቅ በሉና ወደ ግራ መልሱት። ማሳ እንደሚታረስ፣ ትልም በትልም፣ እስከ ታች ድረስ ሂዱ። ጠርዝ ላይ ስትደርሱ ገጹ ሊገለበጥ ይችላል፤ አትደናገጡ። የምታዩት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ አዶው ከጣታችሁ ሥር ይወድቃል ወይስ አይወድቅም? ከወደቀ ወይም ወደ ሌላ ቦታ ከዘለለ እዚያ ጋ የሞተ ነጥብ አለ። ያንኑ መስመር ደግማችሁ ሞክሩ። ሁለተኛም እዚያው ከወደቀ ስልኩን መልሱ።

አዶው የማይደርስባቸው ሁለት ቦታዎች አሉ። የላዩን ለመፈተሽ የማሳወቂያውን መጋረጃ ከግራ ጥግ፣ ከመሃልና ከቀኝ ጥግ እየጀመራችሁ ወደ ታች ሳቡት። የታችኛውን ለመፈተሽ ኪቦርዱን ክፈቱና የመጨረሻውን ረድፍ አንድ በአንድ ንኩ። ስልኩን ወደ ጎን አዙራችሁም ድገሙት። ሰው ብዙ የሚጽፍበት ቦታ ቶሎ ስለሚጎዳ ኪቦርዱ ያለበትን ክፍል በተለይ አትዝለሉት።

አንድሮይድ ከሆነ ከዚህ የጠራ መንገድ አለ። ሴቲንግ ውስጥ ስለ ስልኩ የሚናገረውን ገጽ ክፈቱ። ቢልድ ነምበር የሚለውን 7 ጊዜ ተከታትላችሁ ንኩ። ዴቨሎፐር ኦፕሽንስ የሚባል ገጽ ይከፈታል። እዚያ ውስጥ ፖይንተር ሎኬሽን የሚለውን አብሩት። አሁን ጣታችሁ የሄደበት ሁሉ በመስመር ይሳላል። በሰያፍ ከጥግ እስከ ጥግ ጎትቱ። መስመሩ ሳይቆረጥ መሄድ አለበት። ከተቆረጠ፣ ከተንቀጠቀጠ ወይም ሳትነኩት ሌላ ቦታ ላይ መስመር ከተሳለ ችግሩን በዓይናችሁ አያችሁት ማለት ነው። ብዙ የሳምሰንግ ስልኮች ላይ ደግሞ መደወያው ላይ *#0*# ብትጽፉ የፋብሪካው መፈተሻ ይከፈታል፤ የተቹም የቀለሙም ፈተና እዚያው አለ።

አሁን ቻርጀሩን ሰኩና ያንኑ ፈተና ድገሙት። ይህን የሚያደርግ ሰው ጥቂት ነው፤ እኔ ግን ሳላደርገው ስልክ አላስረክብም። ጥራት የሌለው ቻርጀር የኤሌክትሪክ ረብሻ ወደ ስልኩ ይለቃል። ቺፗ የምትለካው እጅግ ትንሽ ለውጥ ስለሆነ ረብሻውን እንደ ጣት ትቆጥረዋለች። ስልኩ ሲሰካ ብቻ ተቹ ካበደና ሲነቀል ከተስተካከለ መጀመሪያ ቻርጀሩን ለውጡ። በዚህ ምክንያት ብቻ ደህና ስክሪናቸውን የሚያስቀይሩ ሰዎች አሉ። ያሳዝነኛል፤ ቻርጀር መለወጥ ይበቃቸው ነበር።

ከዚያ ወደ ቀለሙ። ሙሉ ነጭ ምስል ክፈቱ፤ ቀጥሎ ሙሉ ግራጫ። ኦሌድ ስክሪን ላይ እያንዳንዷ ነጥብ በራሷ ታበራለች፤ ብዙ የሠራች ነጥብ ደግሞ ቶሎ ትደክማለች። ግራጫው ላይ የኪቦርድ ወይም የአዶዎች ጥላ ከታየ ስክሪኑ ተቃጥሏል። ይህ አይጠገንም፤ ስክሪን መቀየር ብቻ ነው። ከላይ እስከ ታች የሄደች አንዲት አረንጓዴ ወይም ሐምራዊ መስመር ካያችሁም ዋጋ አስቀንሳለሁ ብላችሁ አትድከሙ። መስመር የጀመረው ስክሪን እየባሰበት ነው የሚሄደው።

ስክሪኑ ተቀይሮ እንደሆነስ በምን ይታወቃል? ለሰው ደውሉና ስልኩን ወደ ጆሯችሁ አስጠጉ። ስክሪኑ መጥፋት አለበት። ጣትን ከስክሪን ሥር የሚያነብ ስልክ ከሆነ አሻራችሁን መዝግቡና ክፈቱበት። በጥሩ ዕቃ ያልተቀየረ ስክሪን እዚህ ጋ ይጋለጣል። ከአይፎን 11 ወዲህ ባሉት አይፎኖች ላይ ስክሪን ተቀይሮ ከሆነ ሴቲንግ ውስጥ ስለ ስልኩ በሚናገረው ገጽ ላይ የዕቃዎቹ ታሪክ ይታያል። የተቀየረ ስክሪን ሁሉ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። መነገር ነበረበት ነው የምለው።

በመጨረሻ ስልኩን በጎን ያዙና ወደ ብርሃን አድርጋችሁ ተመልከቱ። ስክሪኑ ከክፈፉ ብድግ ብሏል? ክፍተት ይታያል? ጀርባው ተነፍቷል? ከሥር ያለው ባትሪ አብጦ ሊሆን ይችላል። ያበጠ ባትሪ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ወደ ውስጥ ገፍታችሁ ለመመለስ ፈጽሞ አትሞክሩ፣ አትውጉት፣ ቻርጅ ላይ አትሰኩት። የራሳችሁ ስልክ ከሆነ አጥፉትና ለሚያውቅ ሰው ስጡ።

ማስታወቂያ ላይ ስለምታዩት 120 ኸርዝ ምናምን አንድ ቃል። ሁለት ቁጥሮች አሉ። አንዱ ስክሪኑ በሰከንድ ስንት ጊዜ ምስሉን እንደሚያድስ ይናገራል። ሌላው ቺፗ በሰከንድ ስንት ጊዜ ጣት እንደምትፈልግ ነው። ሁለተኛው ብዙውን ጊዜ ይበልጣል፤ እሱን ደምቆ ተጽፎ ስታዩ ስክሪኑ የተሻለ ነው ማለት እንዳይመስላችሁ። ጌም የማትጫወቱ ከሆነ ሁለቱም አያስጨንቋችሁ።

ተቹን ማቆየት፣ እንቢ ሲል ደግሞ ማዳን

ድሮ መስታወቱ ሲሰበር መስታወቱን ብቻ እንቀይር ነበር። ተቹ ለብቻው፣ ምስሉ ለብቻው ነበር። አሁን በአብዛኞቹ ስልኮች ላይ የተቹ መረብ ከምስሉ ክፍል ጋር ተዋህዷል። ስልኩ ቀጠነ፣ ምስሉም ጠራ። ጥገናው ግን ተወደደ፤ አንዱ ሲሞት ሁሉም አብሮ ይቀየራል። ስለዚህ መከላከያ መለጠፍ ያዋጣል። ስታስለጥፉ ግን ሙጫው ሙሉውን ገጽ የሚሸፍነውን ምረጡ። ጠርዙ ላይ ብቻ የሚጣበቀው ከሥሩ አየር ያስቀራል፤ አየሩ ጣታችሁን ከመረቡ ያርቀዋል፣ ተቹም ይደክማል። ከለጠፋችሁ በኋላ ከደከመ ሴቲንግ ውስጥ ተች ሴንሲቲቪቲ የሚለውን ፈልጉና ከፍ አድርጉት። ብዙ ስልኮች ላይ አለ።

መስታወቱ ተሰንጥቆ ተቹ የሚሠራ ከሆነ ይህን ያህል አትረጋጉ። በስንጥቁ ላብና እርጥበት ይገባል። እስክትቀይሩት ድረስ ቢያንስ መከላከያ ለጥፉበት፤ ጣታችሁንም ከስባሪው ያድንላችኋል። ስትቀይሩ ደግሞ ጠይቁ፦ ስልኩ የወጣው በኦሌድ ከሆነ የሚገባለት ኦሌድ ነው ወይስ ኤልሲዲ (ነጥቦቹ በራሳቸው የማያበሩ፣ ከኋላ መብራት ያለው ስክሪን)? ዋጋው የረከሰ ኤልሲዲ ወፈር ይላል፣ ጥቁሩ ግራጫ ይሆናል፣ ባትሪም የበለጠ ይበላል። አውቃችሁ ብትመርጡት መብታችሁ ነው።

ለማጽዳት ማይክሮፋይበር ጨርቅና ጥቂት ውኃ ይበቃል። በረኪና ግን አይንካው። መስታወቱ ላይ የጣት ቅባት እንዳይዝ የሚያደርግ ስስ ሽፋን አለ፤ ጠንካራ ማጽጃ እሱን ይልጠዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ተቹ ድንገት ሞተ እንበል። ምስሉ ይታያል፣ ጣት ግን አይሰማም። ውስጥ ያሉት ፎቶዎችና ስልክ ቁጥሮች የትም አልተቀመጡም። ተስፋ አትቁረጡ።

መጀመሪያ አስገድዳችሁ እንዲነሳ አድርጉት። ብዙ አንድሮይዶች ላይ የማብሪያውንና ድምፅ መቀነሻውን አንድ ላይ ተጭኖ አርማው እስኪመጣ መቆየት ነው። አዲሶቹ አይፎኖች ላይ ድምፅ መጨመሪያውን ነካ፣ ድምፅ መቀነሻውን ነካ፣ ከዚያ የጎኑን ቁልፍ ተጭኖ መያዝ። ስታክ ያደረገ ስልክ ብዙ ጊዜ በዚህ ይመለሳል፤ ውስጥ ያለው ነገርም አይጠፋም።

ካልተመለሰ የኮምፒውተር ማውስ ፈልጉ። ተራው፣ ባለ ገመዱ። ኦቲጂ የምትባለዋን ትንሽ ማገናኛ ስልኩ ላይ ሰኩና ማውሱን አያይዙ። አብዛኞቹ አንድሮይዶች ላይ ወዲያው ስክሪኑ ላይ ቀስት ብቅ ይላል። በማውሱ የይለፍ ቁጥራችሁን ተጭናችሁ ትገባላችሁ። ከዚያ ፎቶውን ወደ ሌላ ቦታ መገልበጥ፣ ስልክ ቁጥሮቹን ወደ አካውንታችሁ መላክ ትችላላችሁ። ፎቶዎቼ ጠፉ ብሎ ፊቱ የጠቆረ ሰው ቀስቷ ብቅ ስትል እንዴት እንደሚበራ ብታዩ! ይህን ዘዴ ለምታውቁት ሁሉ ንገሩ። ማውሱ የሚጠቅመው ግን ምስሉ እስከታየ ድረስ ነው። ስክሪኑ ጭራሽ ከጨለመ ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ስለዚህ ባክአፕ የሚደረገው ስልኩ ጤነኛ እያለ ነው።

ኔትወርኩ ጥሏችሁ እንዳይሄድ

2ጂና 3ጂ ለድምፅ የተለየ መንገድ ነበራቸው። 4ጂ ላይ ግን ያ መንገድ የለም። በ4ጂ መነጋገር የሚቻለው ድምፁ እንደ ዳታ ሲላክ ነው፤ ቮልቲ ይሉታል። ቮልቲ የሌለው ወይም ኦፕሬተሩ (የስልክ አገልግሎት ሰጪው ድርጅት) ያልፈቀደለት የ4ጂ ስልክ ሲደወል ወደ 3ጂ ወይም 2ጂ ይወርዳል። እነዚያ ሲዘጉስ? ኢንተርኔት እየሠራለት መደወል ያቅተዋል።

መዝጋቱ ደግሞ ተጀምሯል። ጀርመን ውስጥ 3ጂ የተዘጋው በ2021 ነው። በአሜሪካ ትልልቆቹ ሦስት ኦፕሬተሮች በ2022 ዘጉ። አውስትራሊያ በ2024 ስትዘጋ 4ጂ ያላቸው አንዳንድ ስልኮች ጭምር የአደጋ ጥሪ በ4ጂ ማድረግ ስለማይችሉ ከኔትወርክ ታግደዋል። ባለቤቶቹ ስልካቸው 4ጂ ስለሆነ ተረጋግተው ነበር። ኦፕሬተሮች ይህን የሚያደርጉት አየሩን ለአዲሱ ትውልድ ለማስለቀቅ ነው። የሬድዮ ሞገድ ውስን ነው፤ ያው ሞገድ በ4ጂና በ5ጂ ብዙ እጥፍ ዳታ ይሸከማል። እዚህም እዚያም ተራው መድረሱ አይቀርም።

ስለዚህ ሲማችሁን አስገቡና ይህን አድርጉ። ስክሪኑ አናት ላይ 4ጂ ወይም ኤልቲኢ የሚለው ምልክት መኖሩን እዩ። ዋይፋዩን አጥፉት። ደውሉ። ሰውየው ካነሳ በኋላ ዓይናችሁን ምልክቱ ላይ አድርጉ። 4ጂ እንዳለ ከቆየ ቮልቲው ይሠራል። ወደ 3ጂ ወይም ከዚያ በታች ከወረደ አይሠራም። ሴቲንግ ውስጥ ጠፍቶ ሊሆን ስለሚችል የሲም ገጹን ክፈቱና ቮልቲን አብርታችሁ እንደገና ደውሉ። አሁንም ከወረደ ስልኩና ኦፕሬተራችሁ አልተግባቡም። ሁለት ሲም የሚይዝ ከሆነ ሁለቱንም ማስገቢያ በየተራ ሞክሩ።

ቀጥሎ የሞዴል ቁጥሩ። ስም ብቻ አትመኑ። አንድ ስም ያለው ስልክ ለተለያዩ አገሮች በተለያየ የሬድዮ ዕቃ ይሠራል። ሳጥኑ ላይ የተጻፈው የንግድ ስም አንድ ሆኖ የሚይዘው ሞገድ ሊለያይ ይችላል። ሴቲንግ ውስጥ ያለውን ሙሉ የሞዴል ቁጥር ቅዱ። ኦፕሬተራችሁ በየትኞቹ ባንዶች (የሞገድ ክልሎች) እንደሚሠራ ጠይቁ። ከዚያ አመሳክሩ። ባንድ 20 እና 28፣ ማለትም 800 እና 700 ሜጋኸርዝ፣ ሩቅ ይሄዳሉ፤ ግድግዳም ያልፋሉ። ባንድ 3፣ 1800 ሜጋኸርዝ፣ በብዙ አገሮች የ4ጂ የጀርባ አጥንት ነው። 5ጂ ላይ ደግሞ 3500 ሜጋኸርዝ አካባቢ ያለው ኤን78 በስፋት ይገኛል። የኦፕሬተራችሁን ዝቅተኛ ባንድ የማይይዝ ስልክ ደጅ ላይ ኔትወርክ ያገኛል፣ ቤት ስትገቡ ያጣል። ሰው ኔትወርኩን ይረግማል፤ ጥፋቱ ግን የሞዴሉ ነው።

*#06# ብላችሁ ጻፉ። 15 አሃዝ ያለው አይኤምኢአይ፣ ማለትም የቀፎው መለያ ቁጥር፣ ይመጣል። ሴቲንግ ውስጥና ሳጥኑ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆን አለበት። ካልሆነ ተዉት። የተሰረቀ ተብሎ የተመዘገበ ስልክ በዚህ ቁጥር ነው የሚታገደው። ይህ ከሎክ ጋር አይምታታባችሁ። ሎክ የሆነ ስልክ የአንድ ኦፕሬተር ሲም ብቻ የሚቀበል ነው፤ በሕጋዊ መንገድ ማስከፈት ይቻላል። ካናዳ ከ2017 መጨረሻ፣ እንግሊዝ ከ2021 መጨረሻ ጀምሮ ኦፕሬተሮች ሎክ የሆነ ስልክ እንዳይሸጡ ከልክለዋል። ያገለገለ ስልክ ስትገዙ ሻጩ ከሚጠቀምበት የተለየ ኦፕሬተር ሲም አስገብታችሁ ፈትኑት።

ለሚመጡት ዓመታት ምን ላይ ገንዘብ ይውጣ?

5ጂ ላይ ሐሳቤ ይህ ነው። አካባቢያችሁ ላይ ካለ ወይም ስልኩን ለብዙ ዓመት የምትይዙት ከሆነ ግዙ። ነገር ግን ትክክለኛ ባንዶች ያሉት 4ጂ፣ ባንዱ ከማይገጥም 5ጂ ይሻላል። 6ጂ እስኪመጣ ልጠብቅ የሚል ካለ አይጠብቅ። ዕቅዱ ራሱ ለ2030 ገደማ ነው።

ታጣፊ ስልክ ስክሪኑ እንደሌላው አይደለም። ላዩ ላይ ያለው ለስላሳ ሽፋን ነው፣ ጥፍር ሊጭረው ይችላል። የመጀመሪያው ጋላክሲ ፎልድ በ2019 ሊወጣ ሲል አንዳንድ ገምጋሚዎች ያንን ሽፋን ተራ ላስቲክ መስሏቸው ልጠው ስክሪኑ ሞተባቸው፤ ሽያጩም ለወራት ተራዝሟል። ስለዚህ በፋብሪካ የተለጠፈውን አትንኩ። ያገለገለ ታጣፊ ከሆነ አዶ የመጎተቱን ፈተና እጥፋቱ ላይ በተለይ ደጋግሙት፤ ከዚያ አጥፋችሁ ከፍታችሁ እንደገና። እኔ ብጠየቅ ስልኩን ደጋግሞ ለሚጥል ሰው ታጣፊ አልመርጥለትም።

ከካሜራው ይልቅ የሶፍትዌር ማደሻው እስከ መቼ እንደሚቆይ ጠይቁ። ጉግል ከፒክስል 8 ጀምሮ፣ ሳምሰንግ ከጋላክሲ ኤስ24 ጀምሮ ለ7 ዓመት ቃል ገብተዋል። ርካሾቹ ላይ ግን በጣም ያነሰ ነው። አውሮፓ ኅብረት ከሰኔ 2025 ጀምሮ በገበያው የሚወጡ አዳዲስ ስልኮች ሽያጫቸው ካበቃ በኋላ ቢያንስ 5 ዓመት ማደሻ እንዲያገኙ፣ ባትሪያቸውም 800 ጊዜ ተሞልቶ ቢያንስ 80 በመቶ አቅሙን እንዲይዝ ደንግጓል። እንዲህ ያለ ሕግ ለጠጋኝም ለባለቤትም ደስታ ነው። ማደሻው ያበቃ ስልክ ቀስ እያለ የባንክ አፕ አልቀበልም ይላል፤ ስክሪኑ ቢያምርም ምን ይጠቅማል?

ሳተላይት ሌላው ነው። በ2022 አይፎን 14 ኔትወርክ በሌለበት ለአደጋ መልእክት በሳተላይት መላክ ጀመረ። አሁን ደግሞ ከተራ ስልክ ጋር በቀጥታ የሚገናኙ ሳተላይቶች አሉ፤ አንዳንድ ኦፕሬተሮችም አገልግሎቱን መስጠት ጀምረዋል። በሁሉም አገር ስለማይሠራ አስቀድማችሁ አረጋግጡ። ስልካችሁ ካለው መለማመጃውን ሴቲንግ ውስጥ ክፈቱና ሜዳ ላይ ወጥታችሁ ሞክሩት። ሰማዩ ክፍት መሆን አለበት፤ ስልኩም ወዴት እንደምታዞሩት ይነግራችኋል።

ከሁሉ ቀድሞ ግን በራችሁን የሚያንኳኳው ኢሲም ነው። ካርዱ ቀርቶ የኦፕሬተሩ መረጃ ስልኩ ውስጥ ባለ ቺፕ ላይ ይጫናል። በአሜሪካ የተሸጠው አይፎን 14 የሲም ማስገቢያ አልነበረውም። በ2025 የወጣው አይፎን ኤር ደግሞ የትም ቢሸጥ የለውም። ጥቅሙ ትልቅ ነው፦ ኦፕሬተር መቀየር ካርድ ፍለጋ መሄድ ሳይሆን ስክሪን መንካት ይሆናል። ኦፕሬተሮችም ደንበኛ በቀላሉ እንደሚሄድባቸው ስለሚያውቁ ለመያዝ መልፋት ይኖርባቸዋል። እኔ ይህን እደግፋለሁ።

ግን ስክሪኑ ከሞተ ካርድ ነቅሎ ሌላ ቀፎ ላይ መክተት የለም። ስለዚህ የኦፕሬተሩን አካውንትና የይለፍ ቃሉን ከስልኩ ውጭ አስቀምጡ። የባንክ ማረጋገጫ ቁጥር የሚመጣበትን መስመር፣ ስልኩ ማስገቢያ ካለው፣ ለጊዜው በካርድ አቆዩት፤ ካርዱ ላይም የሲም ፒን (ካርዱን የሚቆልፈውን የምስጢር ቁጥር) አብሩ፣ ስልኩን የወሰደ ሰው በሌላ ቀፎ እንዳይጠቀምበት። ኢሲም ስትጭኑ የሚላክላችሁ ኪውአር ኮድ ብዙ ጊዜ የሚሠራው አንዴ ብቻ ነው፤ ፎቶ አንስቼዋለሁ ብላችሁ አትተማመኑ። ስልኩን ሪሴት ስታደርጉ ኢሲሙ ይጥፋ ወይ ብሎ ሲጠይቃችሁ ሳታነቡ አትለፉ። ስልክ ስትቀይሩ ደግሞ ሁለቱንም ቀፎዎች አብርታችሁ፣ ዋይፋይ ላይ አድርጋችሁ አዛውሩት። በአዲሱ ደውሉ፣ ሰው እንዲደውልላችሁ አድርጉ፣ አጭር መልእክት ተቀበሉ። ሦስቱም ከሠሩ በኋላ አሮጌውን ሪሴት አድርጉት።